የመሸኛ ምክንያት፦ ናፍቆት

(በአንዲት የወሎ ከተማ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሰባት፤ ዓርብ ረፋድ ላይ። ጡረታ የወጣው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ጋሽ ቢረሳው ቀበሌውን ለቅቆ መርሳ ከተማ ለመግባት መሸኛ ሲጠይቅ በዚህ ሳምንት ብቻ ይህ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ከመስታወቱ ወዲያ የነዋሪዎች አገልግሎት ቡድን መሪዋ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተቀምጣለች።)

ፈትለወርቅ፦ አይሆንም አልኩዎት እኮ፣ ጋሽ ቢረሳው! «ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ናፍቆት» ተብሎ አይጻፍም።

ቢረሳው፦ ለምን? ፊደሉን ገድፌ ነው?

ፈትለወርቅ፦ ፊደሉ ምን አለው። ምክንያት አይደለም ነው የምልዎት። ቅጹ ላይ ያሉት ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ሌላ ናቸው።

ቢረሳው፦ እኔስ «ሌላ» የሚለው ሥር አይደል የጻፍኩት? ሥራ ነው እንዳልል ደመወዝ የለው። ትምህርት ነው እንዳልል በዚህ ዕድሜዬ አላልፈውም። ሕክምና ነው እንዳልል መድኃኒቱ ፋርማሲ አይሸጥም።

ፈትለወርቅ፦ «ሌላ» ሲባል በማስረጃ የተደገፈ ሌላ ነው። ይኸው ማጣሪያ ክፍሉ ጽፎ መልሶታል፣ ያንብቡት።

ቢረሳው፦ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ፤ አንቺው አንብቢልኝ። ሳትስቂ ታዲያ።

ፈትለወርቅ፦ «አመልካቹ ለመልቀቂያ ምክንያትነት ያቀረቡት ናፍቆት በሰነድ ያልተደገፈ ሆኖ ስላገኘነው ማመልከቻውን ተመላሽ አድርገናል።»

ቢረሳው፦ ሳቅሽ!

ፈትለወርቅ፦ አልሳቅኩም። አፌን ነው ያበስኩት።

ቢረሳው፦ እንግዲህ ለናፍቆቴ ሰነድ ላምጣለት። ማን ይጽፍልኛል? ስንተኛው መስኮት ነው የናፍቆት ክፍል?

ፈትለወርቅ፦ አይቀልዱ እንጂ፣ እኔ እኮ እየረዳሁዎት ነው። «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለን እንቀይረው።

ቢረሳው፦ ገና ቤተሰብ ልንሆን ነው የምሄደው። የምንሆነው እሁድ ነው። «ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በሕግ ያስቀጣል» ይላል ከታች በደማቁ።

ፈትለወርቅ፦ እሱን ያለ መነጽር አነበቡት?

ቢረሳው፦ ዛቻ ምንጊዜም በትልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ልጄ። ያለ መነጽር የማይታየኝ መብቴ ነው።

ፈትለወርቅ፦ እሺ፣ ምክንያቱን ለጊዜው እንተወው። ከሱ የባሰ አለ። ሲስተሙ «ያገባ» ነው የሚልዎት።

ቢረሳው፦ ማንን ያገባ?

ፈትለወርቅ፦ ወይዘሮ ደብሪቱን።

ቢረሳው፦ ነፍሷን ይማራትና ደብሪቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ አይደለም እንዴ? አንቺ ራስሽ ለቅሶ ደርሰሻል። ንፍሮ ስታድዪ በዓይኔ አይቼሻለሁ።

ፈትለወርቅ፦ እኔ ደርሻለሁ። ሲስተሙ አልደረሰም።

ቢረሳው፦ የሞት ማስረጃዋን የወሰድኩት ከዚሁ ቤት ነው! ይኸው፣ ማህተሙ እንኳ አልደበዘዘም።

ፈትለወርቅ፦ እሱን የሰጠዎት የሞት ምዝገባ ክፍል ነው። «ያገባ» የሚለውን የሚያነሣው ደግሞ የጋብቻ ክፍል ነው። ስለዚህ የሞት ክፍሉ ለጋብቻ ክፍሉ ደብዳቤ መጻፍ አለበት።

ቢረሳው፦ የት ነው የጋብቻ ክፍሉ? ሩቅ ነው?

ፈትለወርቅ፦ ይኸው ከኋላዬ።

ቢረሳው፦ እነዚያ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡት? ያ ስልኩን የሚነካካው ጎረምሳና ያች ጥፍሯን የምትሞርደው?

ፈትለወርቅ፦ እሱ ሞት ነው፤ እሷ ጋብቻ ናት።

ቢረሳው፦ ወንበራቸው ተነካክቷል እኮ! ዘወር ብሎ «ሴትዮዋ ሞታለች» ቢላት አንገቱ ይቀጫል?

ፈትለወርቅ፦ በቃል አይሆንማ። ደብዳቤው ወጪ ተደርጎ መዝገብ ቤት ይሄዳል። መዝገብ ቤት ገቢ ያደርገውና ለኃላፊው ይመራዋል። ኃላፊው ሲያየው ለጋብቻ ክፍል ይመራዋል።

ቢረሳው፦ ስንት ቀን ይፈጃል?

ፈትለወርቅ፦ ከቀና አሥራ አምስት ቀን።

ቢረሳው፦ እኔ በአሥራ አምስት ቀን ሞያሌ ደርሼ እመለስ ነበር፤ ያውም ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ያውም ለተሳፋሪ ለቅሶ ቆሜ። ይህ ደብዳቤ ምን ጭኖ ነው ከወንበር ወንበር አሥራ አምስት ቀን የሚጓዘው?

ፈትለወርቅ፦ ኃላፊውም የሉ። ስብሰባ ናቸው፣ ሦስት ቀን።

ቢረሳው፦ በምን ጉዳይ?

ፈትለወርቅ፦ ይተዉት።

ቢረሳው፦ ንገሪኝ እንጂ፣ የመንግሥት ምሥጢር ነው?

ፈትለወርቅ፦ «ቀልጣፋ አገልግሎት» በሚል ርዕስ።

ቢረሳው፦ አሁንስ ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ አሁን?

ፈትለወርቅ፦ እነማን?

ቢረሳው፦ እናንተ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያላችሁት።

ፈትለወርቅ፦ ሃያ ሦስት። ጥበቃዎቹን ሳይጨምር።

ቢረሳው፦ ከወዲህ ደግሞ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ደብሪቱን ሳይጨምር። ድንበሩን ታስታውሺዋለሽ? አቶ ድንበሩን?

ፈትለወርቅ፦ እንዴት እረሳዋለሁ። ቀበሌው ማለት እሱ ነበር።

ቢረሳው፦ ብቻውን! ማህተሙን በኮቱ ኪስ ይዞ ይዞራል። መናኸሪያ ካገኘሁት መናኸሪያ፣ ለቅሶ ቤት ካገኘሁት ለቅሶ ቤት፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጧ! ነው። ቀለሙ ደረቅ ካለ በትንፋሹ እፍ ይለዋል። ይህ ቤት ያኔ ምን ነበር?

ፈትለወርቅ፦ ንባብ ቤት።

ቢረሳው፦ ንባብ ቤት። መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ አስገባችሁ፤ «ለጊዜው ነው» አላችሁን። ጠረጴዛው ወለደ። መጻሕፍቱ «ለጊዜው» መጋዘን ገቡ። ከዚያ የመረብ ኳስ ሜዳው ላይ ማጣሪያ ክፍል ተሠራ። ማጣሪያው አንገላታን ብሎ ሰው ሲጮኽ ቅሬታ ሰሚ መጣ። ቅሬታ ሰሚው አይሰማም ሲባል የቅሬታ ሰሚ ክትትል መጣ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሄዶ ሄዶ ሰው አናት ላይ ሲቆም ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ፈትለወርቅ፦ እኛ ብድግ ብለን አላመጣነውም፣ ሕዝቡ ነው የጠየቀው። አንዱ «ሌባ በዛ» ይላል፣ አንዱ «ሐሰተኛ ወረቀት በዛ» ይላል። ለአንዱ አቤቱታ አንድ ክፍል ይከፈታል።

ቢረሳው፦ እኔ «ልሂድ» ብዬ ላቀረብኩት አቤቱታ የተከፈተው ክፍል የትኛው ነው?

ፈትለወርቅ፦ ጋሽ ቢረሳው፣ ከኋላዎት ሰልፍ አለ።

ቢረሳው፦ ሰልፉ እንደኔው ቆሞ ነው የሚያረጀው፤ አይቸኩልም። አምና የአጥር በሬን አረንጓዴ ልቀባ ብዬ አመለከትኩ። «የአካባቢው ገጽታ ይጠና» አላችሁ። ተጠንቶ ፈቃዱ ሲወጣልኝ በሩ ራሱ በስብሶ ወድቆ ነበር። ድሮ መንግሥት የተከለከለውን ይነግረን ነበር፤ የቀረው የኛ ነበር። ዛሬ የተፈቀደውን ትነግሩናላችሁ፤ የቀረው የናንተ ሆነ።

ፈትለወርቅ፦ ለርስዎ ቀላል ነው። ቁጥጥር ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እኔ በቤቴ አይቼዋለሁ።

ቢረሳው፦ አውቃለሁ።

ፈትለወርቅ፦ ካወቁ እንደዚህ አይሉም ነበር። ያ በትንፋሹ እፍ እያለ የሚያትመው ድንበሩ ለአንድ ሙክት ብሎ ላንድ ወስላታ «ያላገባ ነው» ብሎ አተመለት። እህቴ የሺ ያችን ወረቀት ተማምና አገባችው። ሁለት ልጅ ከወለደች በኋላ የሰውዬው ሚስት ከነልጆቿ መጣች። የሕግ ሚስቱ! የሺ በሠላሳ ዓመቷ ውሽማ ተባለች፣ በገዛ ቤቷ።

ቢረሳው፦ ሚስቲቱ በኔ መኪና ነው የመጣችው፣ ልጄ። ከአጠገቤ ሞተሩ ላይ አስቀምጬ ነው ያመጣኋት፣ ልጆቹን ጉያዋ ሸጉጣ። ደርሰን ስትወርድ «ጋሼ፣ ሻንጣዬ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ሻንጣ አልነበራትም።

ፈትለወርቅ፦ ይህን አልነገሩኝም ነበር።

ቢረሳው፦ ምን ብዬ እነግርሻለሁ።

ፈትለወርቅ፦ ያን ዓመት ነው እዚህ የተቀጠርኩት። ከእንግዲህ ማንም ሰው በቃሉ ብቻ አይታመንም ብዬ።

ቢረሳው፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አልፈርድብሽም። ግን አስቢው እስቲ፤ ያን ቀን የዋሸው ማን ነው? ማህተሙ ነው። የዋሸው ማህተም ሆኖ ሳለ እናንተ ምን አደረጋችሁ? ማህተሙን አሥራ አንድ አደረጋችሁት። ቅጣቱ ደግሞ ለኛ ሆነ።

ፈትለወርቅ፦ አምና አንድ ሁለት ሚስት ያለው ሰው ይዘናል።

ቢረሳው፦ እሰይ! እሱን ለመያዝ ስንት ሰው ይዛችኋል?

ፈትለወርቅ፦ እንዴት ማለት?

ቢረሳው፦ እኔ እኮ ተይዣለሁ።

ፈትለወርቅ፦ …ለመሆኑ ሴትዮዋ ማናቸው?

ቢረሳው፦ ይህ ጥያቄ የቅጹ ነው ወይስ የራስሽ?

ፈትለወርቅ፦ የራሴ።

ቢረሳው፦ እንግዲያስ እመልሳለሁ። ይመኙሻል ትባላለች። መርሳ ላይ ምግብ ቤት አላት፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ የሚወላገድ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳፋሪዬን ለምሳ ያወረድኩት እሷ ደጅ ነው። ሌሎቹ ምግብ ቤቶች ሹፌር በነፃ ያበላሉ፣ ሥጋ ይጨምራሉ። እሷ አንድ ቀን ጨምራልኝ አታውቅም።

ፈትለወርቅ፦ ታዲያ ምን አገኙባት?

ቢረሳው፦ ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማሽም? ስገባ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ነው የሚለኝ። መንገዱ እንዴት ነበር ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ናት። ደብሪቱ በሞተች ጊዜ እንኳ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው፤ ጎርፍ ድንጋይ ፈንቅሎ የዘጋውን መንገድ ስነግራት ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

ፈትለወርቅ፦ ያኔ ለምን አልጠየቋትም?

ቢረሳው፦ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ምን ጊዜ ነበረኝ? ብቻ ጡረታ የወጣሁ ቀን ቤቴ ተቀምጬ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ሲል እግሬ ተነሣ። ሆዴ አይደለም ያልኩሽ፣ እግሬ! በር ደርሼ ነው መኪና እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆንኩ። ኋላ በተሳፋሪ ወንበር ሄድኩና ጠየቅኋት። «ዘግይተሃል፣ ግን መጥተሃል» አለችኝ።

ፈትለወርቅ፦ እሷን ወደዚህ ማምጣት ነበራ።

ቢረሳው፦ ምግብ ቤቷን በአገልግል ላምጣው? ደግሞ እሷ እንድትመጣ የዚያኛው ቀበሌ መሸኛ ሊሰጣት ነው። አንድ ቀበሌ ያደከመው ሰው ሁለት ይጨምር?

ፈትለወርቅ፦ ሰርጉን ቢያዘገዩትስ?

ቢረሳው፦ ሁለት ጊዜ አዘግይቻለሁ፣ ሁለቱንም በናንተ። አንዴ የነዋሪነት ቅጽ ተቀየረ አላችሁ፤ አንዴ ኔትወርክ ጠፋ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ተጠርተዋል። ሐዋሳ ያለው ልጇ ደግሞ ሰኞ ሊወስዳት መኪና ይዞ ይመጣል፤ «ብቻሽን አትኖሪም» ብሏታል። እሷም ስልክ ደውላ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ካልሆነልህ አይከፋኝም» ነው ያለችኝ። ገባሽ? አይከፋኝም ያለች ሴት ጨርሳለች።

ፈትለወርቅ፦ ገብቶኛል።

ቢረሳው፦ ከገባሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። ልብስ ሰፊው ሁሴን ሐይቅ ከተማ ልግባ ብሎ አመለከተ፤ ተመለሰ። የሱ ምክንያት ሥራ ነው፣ በማስረጃ የተደገፈ። እማማ ብርቄ ልጃቸው ዘንድ ልጦር አሉ፤ ተመለሱ። የሳቸው ሕክምና ነው፣ እንደ ጠፍር የረዘመ የሐኪም ወረቀት አላቸው። ከበጋ ወዲህ ከዚህ ቀበሌ የወጣ ሰው የለም፤ ሬሳ ካልሆነ። ምንድን ነው ነገሩ?

ፈትለወርቅ፦ ድምፅዎን ይቀንሱ።

ቢረሳው፦ ሹፌር ነኝ፣ ጆሮዬን ሞተር በልቶታል። አንቺ ቅረቢኝ።

ፈትለወርቅ፦ ለማንም አይናገሩም?

ቢረሳው፦ ለይመኙሻል ካልሆነ።

ፈትለወርቅ፦ ከላይ አዲስ መመሪያ መጥቷል። ነዋሪው ከአምስት ሺህ ያነሰ ቀበሌ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ይጠቃለላል፣ መዋቅሩም ይታጠፋል። ስለዚህ ቆጠራው እስኪያልቅ መሸኛ እንዳይሰጥ ኃላፊው ነግረውናል። በቃል። በጽሑፍ አይደለም።

ቢረሳው፦ ይኸው! በቃል የሚሠራ ነገርማ እዚህ ቤት አለ።

ፈትለወርቅ፦ ጋሽ ቢረሳው…

ቢረሳው፦ ቆይ፣ ቆይ። ስንት ነን አሁን?

ፈትለወርቅ፦ አምስት ሺህ።

ቢረሳው፦ ከስንት ጋር?

ፈትለወርቅ፦ ልክ አምስት ሺህ።

ቢረሳው፦ አሃ። መናኸሪያ ታውቂያለሽ አይደል? ረዳቶቹ መኪናው የሞላ እንዲመስል ወንበር ላይ የሚያስቀምጧቸው ሰዎች አሉ። የት ትሄዳለህ ብትያቸው የትም አይሄዱም፤ መቀመጥ ነው ሥራቸው። እነሱ እንኳ መኪናው ሲነቃነቅ ይወርዳሉ። እኛን ግን አታወርዱንም፤ መኪናችሁም አይነቃነቅም!

ፈትለወርቅ፦ ሃያ ሦስት ሰው ይበተናል። እነዚያ ጀርባ ለጀርባ የሚስቁብዎት ልጆች ሳይቀሩ። አንዱ እናቱን ይጦራል፣ አንዷ ሦስት ወንድሞቿን ታስተምራለች። እዚህ ስለተቀመጥን ከድንጋይ የተጠረብን መሰልንዎት?

ቢረሳው፦ አልመሰላችሁኝም። እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጥኩት ለእንጀራ ነው። ግን ተሳፋሪዬን እንጀራዬ ነው ብዬ በር ቆልፌበት አላውቅም። ወራጅ አለ ሲለኝ አቆማለሁ።

ፈትለወርቅ፦ እኔ ምን ላድርግ? መመሪያ ነው።

ቢረሳው፦ ምንም አታድርጊ። አንቺን ላስቸግር አልመጣሁም፣ እናትሽም ነፍሷን ይማርና ደግ ሰው ነበረች። ይኸው፣ ያዢ።

ፈትለወርቅ፦ ምንድን ነው ይህ?

ቢረሳው፦ መታወቂያዬ። እናንተ የምትፈልጉት ቢረሳውን አይደለም፣ አምስት ሺሁን ነው። ቁጥሩን አስቀሩት። ቢረሳውን እኔው ይዤው ልሂድ።

ፈትለወርቅ፦ አበዱ እንዴ? ያለ መታወቂያ ኬላ ማን ያሳልፍዎታል?

ቢረሳው፦ ኬላ ላይ ያሉት ሁሉ ከመኪናዬ ሎሚና ብርቱካን ሳወርድላቸው ያደጉ ናቸው።

ፈትለወርቅ፦ እዚያስ ማን ነዋሪ ይልዎታል? ጡረታዎስ? ጋብቻውን ማን ይመዘግብልዎታል? ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ «ማንነቱ ያልታወቀ ሰው» ነው የሚባሉት!

ቢረሳው፦ ያልታወቅሁትማ እዚህ ነው፣ ልጄ። እዚህ ቤት በአምስት ቀን ስድስት ጊዜ ስሜን ጠየቃችሁኝ። እዚያ ደጁን ስረግጥ የድስት ክዳን ይነሣል። ጡረታው ቢቀር ጠረጴዛ እወለውላለሁ፤ ያን የሚወላገደውን እግርም አበጃጃለሁ። በይ ደኅና ሁኚ። የነገው አውቶቡስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ቲኬቱን ዛሬ ልያዝ።

ፈትለወርቅ፦ ጋሽ ቢረሳው!

ቢረሳው፦ አቤት።

ፈትለወርቅ፦ ይመለሱ። መታወቂያዎን ይውሰዱ።

ቢረሳው፦ አልወስድም።

ፈትለወርቅ፦ ይውሰዱ ስልዎት! የመታወቂያ ቁጥር ሳልጽፍበት መሸኛ አላትምም።

ቢረሳው፦ …ምን አልሽ?

ፈትለወርቅ፦ ዳምጠው! ዳምጠው፣ ስልኩን አስቀምጠው። ወይዘሮ ደብሪቱ አርፈዋል፣ ማስረጃው ይኸው። ዘወር በልና ለጽጌ ንገራት። ጽጌ፣ «ያገባ» የሚለውን አንሺ። አዎ፣ አሁን። ደብዳቤው ኋላ ይደርሳል።

ቢረሳው፦ አንገቱ አልተቀጨም። ዞረ!

ፈትለወርቅ፦ ዝም ይበሉ፣ ስጽፍ ያሳስቱኛል። የመርሳው ቀበሌ ስንት ነበር?

ቢረሳው፦ ዜሮ ሁለት። ማህተሙስ? ኃላፊው ስብሰባ ናቸው አላልሽም?

ፈትለወርቅ፦ ማህተሙ እኔ ዘንድ ነው። ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ።

ቢረሳው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ፈትለወርቅ፦ ከረቡዕ።

ቢረሳው፦ ረቡዕም መጥቼ ነበር።

ፈትለወርቅ፦ አውቃለሁ። ሐሙስም መጥተው ነበር። እዚህ ጋ ይፈርሙ።

ቢረሳው፦ መስመሩ አይታየኝም፤ መነጽሬን ረስቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ገደል ለገደል ስነዳ መስመር ስቼ የማላውቅ ሰው!

ፈትለወርቅ፦ ቀስ ብለው ይፈርሙ። አልቸኩልም።

ቢረሳው፦ ቆይ ግን። ይህን ስታትሚ አምስት ሺሁ ምን ሊሆን ነው?

ፈትለወርቅ፦ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

ቢረሳው፦ እንግዲህ ትታጠፋላችሁ ማለት ነዋ! እኔ እዚያ ሰርግ ስበላ እናንተ እዚህ ልትበተኑ። የለም የለም። የጎረቤቴ የሰይድ ሚስት መውለጃዋ ደርሷል፣ ማክሰኞን አታልፍም ተብሏል። ልጁ ተወልዶ እስኪተካኝ እንድትጠብቀኝ ለይመኙሻል ደውዬ…

ፈትለወርቅ፦ ምን ያወራሉ? ልጁ ማክሰኞ ቢወለድ እዚህ ቤት ነዋሪ እስኪሆን ሦስት ወር ይፈጅበታል።

ቢረሳው፦ ታዲያ እነዚህ ልጆች?

ፈትለወርቅ፦ ከተጠቃለልን ለዚያኛውም ቀበሌ መጻፍ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል። ላልተወሰደው ደግሞ እኔ ራሴ ደጅ እጠናለታለሁ፣ ደጅ ማስጠናት ሥራዬ አልነበር? አሁን ወረቀትዎን ይያዙ። እንዳያጥፉት፣ ማህተሙ አልደረቀም።

ቢረሳው፦ አንቺስ፣ ፈትሌ? ሲጠይቁሽ ምን ልትዪ ነው? ኃላፊው ከስብሰባ ሲመለሱ አንቺን ነው የሚይዙት።

ፈትለወርቅ፦ እኔማ ባለቤቴ ድሬዳዋ ነው። ወደሱ ልዛወር፣ ልቀቁኝ ብዬ ካመለከትኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ «በመዋቅሩ ታስፈልጊያለሽ» ነበር መልሳቸው። እንግዲህ መዋቅሩ ሲታጠፍ ምን ብለው ያስቀሩኛል? ሲወጡ ልብስ ሰፊውን ሁሴንን ካዩት ቶሎ ድረስ ይበሉት፣ ማህተሙን አልቆለፍኩትም። ቀጣይ!